ስለ ባለላስቲክ አንሶላ የምትጠይቁትን ጠይቁ

ባለመርፌዋ፦ ዛሬ ከሰዓት ነጻ ነኝ። ባለላስቲክ አንሶላ ያስቸገራችሁ ሁሉ ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንሶላ መቁረጥና መስፋት ሥራዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስትጠይቁ የፍራሻችሁን ወርድ፣ ርዝመትና ከፍታ በሴንቲሜትር ጻፉ። «ትልቅ ነው»፣ «ደብል ነው» ብትሉኝ ልረዳችሁ አልችልም።

አዲስ ሙሽራ፦ እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? የአንሶላችን አንዱ ጥግ ሌሊት ሌሊት እየወለቀ አስቸገረን። ሁሌም በራስጌ በኩል ነው። ፍራሹ 150 በ200 ነው፤ አንሶላውም ማሸጊያው ላይ 150 በ200 ይላል። ልኩ ከሆነ ለምን ይወልቃል?

ባለመርፌዋ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ሦስተኛው ቁጥር የት ሄደ? ችግርሽ እሱ ጋ ነው።

150 በ200 የሚለው የፍራሹን ፊት ብቻ ነው። አንሶላው ግን ከፊቱ ወርዶ ጎኑን ይሸፍናል፣ ከዚያ ታጥፎ ከሥር ይገባል። የጎኑ ልክ ለብቻው ነው የሚጻፈው፤ 25፣ 30 ወይም 40 ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው አያየውም። የፍራሽሽ ከፍታ 28 ነው እንበል። የአንሶላው ጎን 30 ከሆነ ከሥር የሚገባው 2 ሴንቲ ብቻ ነው። ላስቲኩ የሚይዘው ነገር የለውም። የአልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጪ ፍራሹ ይረግባል፣ አንሶላው ይላላል፣ ላስቲኩ ወደ ላይ ይሸሻል። ራስጌ የሚብሰው ስንገላበጥ ትከሻና ክንድ እዚያ ስለሚጎትቱት ነው።

ስለዚህ የአንሶላው ጎን ከፍራሹ ከፍታ ቢያንስ በ5 ሴንቲ ይብለጥ። እኔ ስሰፋ 10 ነው የምጨምረው።

አለካኩንም ልንገርሽ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፍራሹን ባዶውን አትለኪ። ተደራቢ ስፖንጅ ካለው፣ የፍራሽ መከላከያ ካለው፣ ሁሉንም አልብሺው። ከዚያ አንድ ትልቅ ደብተር ከላይ አስቀምጪ፣ ጫፉ ከፍራሹ ወጣ ይበል። አትጫኚው። ሜትሩን ከአልጋው ጣውላ አንስተሽ እስከ ደብተሩ ሥር ድረስ ቀጥ አድርገሽ ለኪ። በጎኑ ላይ ካለው ስፌት እስከ ስፌት ከለካሽ ከላይ ያበጠው ይቀርብሻል፤ እሱ ብቻውን 3 እና 4 ሴንቲ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ሙሽራ፦ አሁኑኑ ለካሁት እትዬ። ከተደራቢው ጋር 34 ሆነ። አንሶላው ላይ በትንሹ «ጥልቀት 30» ተጽፏል። እስከዛሬ አላየሁትም ነበር።

ባለመርፌዋ፦ በይ ተገኘ። 40 የሚል ፈልጊ። የ30ውን እየጎተትሽ አታስገድጂው፣ ጥጉ ላይ ስፌቱ ይተረተራል።

ቢጫ ትራስ፦ የትኛው አንሶላ ነው ጥሩ?

ባለመርፌዋ፦ ለየትኛው ፍራሽ? ቁጥር ይዘህ ና።

ሩቅ አገር፦ እትዬ፣ አልጋዬ ኪንግ ነው። ኪንግ የሚል አንሶላ አዝዤ መጣልኝና በሁለቱም ጎን ተዝረከረከ። ፍራሹ 150 በ200፣ ከፍታው 25። አታለሉኝ ማለት ነው?

ባለመርፌዋ፦ ሦስቱንም ቁጥር ስለጻፍክ ተባረክ። ማንም አላታለለህም፣ ስሙ ነው ያሳሳተህ። ይህን ጉዳይ ሁላችሁም አንብቡት፤ በአንሶላ ግዢ ከዚህ የባሰ ወጥመድ አላውቅም።

እንግሊዞች ኪንግ የሚሉት 150 በ200 ነው። አሜሪካኖች ኪንግ የሚሉት 193 በ203 ነው። በወርድ 43 ሴንቲ ይለያያሉ! ያንተ ፍራሽ በአሜሪካኖቹ አጠራር ኩዊን ለሚሉት ነው የሚቀርበው፤ እሱ 152 በ203 ነው። የእንግሊዞቹ ሱፐር ኪንግ 180 በ200 ነው፣ ከአሜሪካው ኪንግ ያንሳል። ካሊፎርኒያ ኪንግ የሚባል ደግሞ አለ፤ 183 በ213 ነው። ከተለመደው የአሜሪካ ኪንግ ይረዝማል ግን ይጠባል፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ደብል የሚሉትም እንዲሁ ነው። የእንግሊዙ 135 በ190 ሲሆን በሌላ አገር 140 በ200 ፍራሽ ደብል ተብሎ ይሸጣል። በርዝመት 10 ሴንቲ ካነሰ ላስቲኩ ጥጉ ጋ አይደርስም።

ስለዚህ ስሙን ተዉት። ማሸጊያው ላይ በቁጥር ካልተጻፈ አትግዙ። ቁጥሩ በኢንች ከሆነ በ2.54 አባዙት።

ሩቅ አገር፦ ታዲያ ይህን ሰፊውን ምን ላድርገው?

ባለመርፌዋ፦ መመለስ ከቻልክ መልስ። ካልቻልክ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደውና ያስጠብበው፤ ከሰፊ ላይ መቁረጥ ቀላል ነው። ከጠባብ ላይ መቀጠል ነው ጣጣው።

የመንታ እናት፦ የእኔ አዲስ እያለ ልክክ ብሎ ነበር። አንዴ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በማድረቂያ ማሽን ከወጣ በኋላ አራተኛው ጥግ አልደርስ አለ። መቶ በመቶ ጥጥ ነው። ፍራሹ 160 በ200፣ ከፍታው 30። የአንሶላው ጎን 35 ነበር።

ባለመርፌዋ፦ ጥጥ ነዋ። ጥጥ ሲሸመንና ሲጨረስ ተወጥሮ ነው የሚወጣው። ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ክሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጨርቁም ይኮማተራል። ቀድሞ ያልታጠበ ጥጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊያጥር ይችላል። ከ200 ላይ አስቢው፤ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ነው። ከሥር እንዲገባ ያስተረፍሽውን በሙሉ ይበላዋል።

ይህን ለመቀነስ ፋብሪካዎች ጨርቁን በእንፋሎትና በማሽን ቀድመው ያኮማትሩታል። ለዘዴው በ1930 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣው ሳንፎርድ ክሉዬት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ አንዳንድ ጨርቅ ላይ «ሳንፎራይዝድ» የሚለው ቃል ከሱ ስም የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ብዙም አያጥርም። ፖሊስተር የተቀላቀለበትም የተሻለ ይጸናል፣ ግን ይሞቃል።

ሌላው ላስቲኩ ነው። ሙቀት ላስቲክ ይገድላል። በረኪናም ይገድለዋል። ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ ማድረቂያ ካላችሁ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጉት፣ ወይም አየር ላይ አስጡት። ካውያ ላስቲኩ ላይ አይድረስ።

ካውያ ወዳጅ፦ አንሶላ ይተኮሳል እንዴ?

የመንታ እናት፦ ማን ጊዜ አለው!

ካውያ ወዳጅ፦ እኔ ሳልተኩስ አልተኛም። የተተኮሰ አንሶላ ላይ መተኛትን የሚያህል የለም።

የቀድሞ ነርስ፦ ልጆች፣ ከመሃል ልግባና፣ ላስቲክ ራሱ ለምን አስፈለገ? እኛ ዕድሜ ልካችንን በዝርግ አንሶላ ነው ያነጠፍነው። ከግርጌ አስገብቶ፣ ጎኑን ወደ ላይ አንስቶ በ45 ዲግሪ ማጠፍ፣ የተንጠለጠለውን ከሥር መወተፍ፣ ከዚያ ጎኑን መልቀቅና ማስገባት ነው። ሳንቲም ብትጥልበት ትነጥራለች። ላስቲክ አያልቅ፣ ጥግ አይወልቅ።

ቢጫ ትራስ፦ ጋሼ፣ ፍራሾቹ እኮ ተለውጠዋል። የእኔ ተነስቶ አይነሳም። ወገቤ እስኪቆረጥ በየጠዋቱ ጎን ማንሳት አልችልም።

የቀድሞ ነርስ፦ ልምድ ነው ልጄ። ጥግ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ሙሉውን ማን አንሳ አለህ?

ካውያ ወዳጅ፦ ዝርግ ደግሞ ለመተኮስ ይመቻል።

ባለመርፌዋ፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ በደንብ የታጠፈ ዝርግ አንሶላን ማንም አይንቀውም። ግን ለሱም ልክ አለው። 150 ወርድና 25 ከፍታ ላለው ፍራሽ፣ በየጎኑ 25 ከሥር እንዲገባ፣ የአንሶላው ወርድ 250 መሆን አለበት። የሚወልቅባቸው ሰዎች 220 ገዝተው ነው። ስለ መተኮስ ሌላ ቀን። አሁን ወደ ጥያቄያችን።

ዝምታ፦ ሰላም፣ ፍራሼ 160 በ200 ነው፣ አንሶላው ይወልቃል። ምን ይሻለኛል?

ባለመርፌዋ፦ ከፍታው? ለአዲስ ሙሽራ የመለስኩትን ከላይ አንብብ፣ ለካና ተመለስ።

ፎቅ ቤት፦ እትዬ፣ የክር ብዛቱ 1000 የሆነ ይሻላል ወይስ 300? ከሐር የተሠራስ?

ባለመርፌዋ፦ የክር ብዛት፣ ማለትም በአንድ ኢንች ካሬ ጨርቅ ላይ የሚቆጠረው ክር፣ ከልክ ጋር አይገናኝም። ትልልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተገመደውን ክር እየፈቱ በመቁጠር የሚመጣ ነው። ጨርቁን በእጅሽ ነክተሽ ምረጪ። ሐር አልሰፋም፣ አስተያየት የለኝም።

ሕፃን ቤት፦ እትዬ፣ የስምንት ወር ልጅ አለችኝ። የአልጋዋ ፍራሽ 60 በ120፣ ከፍታው 10 ነው። የትልቅ ሰው አንሶላ አጥፌ ከሥር ብከተው ይሆናል?

ባለመርፌዋ፦ አይሆንም የኔ እናት። እዚህ ላይ እንዳትቀልዱ፣ ሁላችሁም። ለሕፃን አልጋ ልኩ የሆነ፣ ጥብቅ ያለ ባለላስቲክ አንሶላ ብቻ ነው። ታጥፎ የገባ ጨርቅ ስትንፈራገጥ ይወጣል፣ ፊቷ ላይ ሊጠቀለል ይችላል፣ ትንፋሿን ያፍናል። አንጥፈሽ ስትጨርሺ አራቱንም ጥግ በጣትሽ ያዝና ወደ ላይ ሳብ አድርጊ። አንዱ እንኳ ከወለቀ አታስተኚያት። በጣም የጠበበም አይሁን፤ የቀጭን ፍራሽ ጥግ እንዲቆለመም ያደርገዋልና በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ መካከል ሁለት ጣት ከገባ በላይ ክፍተት መኖር የለበትም። እስከ አንድ ዓመቷ ድረስ ትራስም፣ የተዘረጋ ብርድ ልብስም እዚያ ውስጥ አይግባ።

ሕፃን ቤት፦ እሺ እትዬ፣ ዛሬውኑ እለውጠዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጥቅልል፦ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚመጣ የስፖንጅ ፍራሽ ትናንት ማታ ፈታሁ። ከፍታው 21 ነው፣ ማሸጊያው ግን 25 ይላል። በ21 ልግዛ?

ባለመርፌዋ፦ ቆይ። ገና አልተነፋም። እስከ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ለካ።

መቀስ፦ ለፍራሼ የሚሆን አንሶላ ሱቅ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ላሰፋ ነው። 150 በ200፣ 25። ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ ምን ልበል? ጨርቅ ስንት ልግዛ?

ባለመርፌዋ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አሠርቶ መጠቀም ከሁሉም ይሻላል፤ ሰው ለምን እንደሚፈራው አይገባኝም።

በመጀመሪያ ጨርቁን እጠበው። ሳይቆረጥ። የሚኮማተረው ሁሉ ያኔ ይጨርስ።

ከዚያ ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለጎን 25፣ ከሥር ለሚገባ 10፣ ለላስቲክ መግቢያ ቅምቅማት 3፤ ድምሩ 38። በሁለቱም በኩል ስለሆነ 76። ወርዱ 150 ሲደመር 76፣ 226 ይሆናል። ርዝመቱ 200 ሲደመር 76፣ 276። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይህን ያህል ይኑረው፤ ስትገዛ ለማጠሪያው ትንሽ ጨምር። ወርዱ 240 የሆነ የአንሶላ ጨርቅ ከተገኘ ያለ ቅጥያ ይወጣል። ካልተገኘ ቅጥያው መሃል ላይ እንዳይውል ለሰፊው ንገረው፤ ጀርባህን ይከረክርሃል። በሁለቱ ጠርዝ በኩል ይሁን።

አራቱም ጥግ ላይ 37 በ37 የሆነ አራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ አንዷ ሴንቲ ለስፌት ናት። የተቆረጡት ሁለት ጠርዞች ተገጥመው ሲሰፉ ጥጉ ይቆማል። እዚህ ላይ ደርቦ ይስፋው፣ ጭንቀቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው። ጥጎቹ ከተሰፉ በኋላ የአንሶላው አፍ ዙሪያ 700 ሴንቲ ነው። ላስቲኩ የዚያን ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ 460 ገደማ ይሁን፣ ዙሪያውን ሙሉ ይግባ። አንዳንድ ሰፊ ጥግ ጥጉ ላይ ብቻ አድርጎ ሊሰጥህ ይችላል። እሺ አትበል። ጥግ ላይ ብቻ ያለ ላስቲክ መሃል ጎኑን አይዝም፣ ጎኑ ሲላላ ጥጉን ይጎትተዋል።

መቀስ፦ ላስቲኩ ምን ያህል ስፋት ይኑረው?

ባለመርፌዋ፦ 1 ሴንቲ ይበቃል። ሲያልቅ ለመቀየር እንዲመች ከመግቢያው ላይ 3 ሴንቲ ያህል ሳይሰፋ ይተውልህ።

ቀጭን ፍራሽ፦ የእኔ በተቃራኒው ነው። ፍራሹ 12 ብቻ ነው፣ የአንሶላው ጎን 40። ከላይ ይሸበሸባል።

ባለመርፌዋ፦ የተረፈው ከሥር ተጠቅልሎ መቀመጥ አይችልም፣ ወደ ላይ ይመለሳል። ከሥር በሰያፍ የሚያያይዝ ባለላስቲክ መቆንጠጫ አለ፤ ጥግ ከጥግ ወጥረሽ ያዢው። እሱ ለላላ አንሶላ ነው እንጂ ለጠበበ መድኃኒት አይደለም። ስትቀይሪ ግን ጎኑ 20 የሆነ ግዢ።

ፎቅ ቤት፦ ባለላስቲክ አንሶላ እንዴት ነው የሚታጠፈው?

ባለመርፌዋ፦ ገልብጠሽ ሁለት እጅሽን ሁለት ጥግ ውስጥ አስገቢ፣ አንዱን ሌላው ላይ አልብሺው፣ የቀሩትንም እንዲሁ። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ላስቲኩን ወደ ውስጥ አጥፊ።

ሁለት አልጋ፦ ሁለት ነጠላ ፍራሽ አጋጥመን ነው የምንተኛው፤ እያንዳንዱ 90 በ200፣ 22። አንድ ትልቅ አንሶላ ወይስ ሁለት?

ባለመርፌዋ፦ ፍራሾቹ አይንሸራተቱም፣ ከፍታቸውም እኩል ነው? እንደዚያ ከሆነ 180 በ200፣ ጎኑ 30 የሆነ አንድ አንሶላ ይይዛችኋል፤ መጀመሪያ ግን ሁለቱን በሰፊ ማሰሪያ ዙሪያቸውን እሰሩ። ካላሰራችሁ ሌሊት ይለያያሉ፣ አንሶላውም መሃል ላይ ይሰረጉዳል። አልጋው በአንድ ወገን ራስጌው ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ለየብቻ አልብሱ። አንዱ ሲነሳ ሌላውን ይጎትተዋል።