ባክስ ፊዝን የጣለው የአውቶቡሱ አደጋ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው «በ1981 ዩሮቪዥንን አሸንፈው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዘፈን የእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ያወጡት የእንግሊዝ ዘፋኞች ቡድን፣ ባክስ ፊዞች፣ የት ገቡ? ያጠፋቸው የአውቶቡሱ አደጋ ነው? ዩቲዩብ ላይ በስማቸው ከማያቸው ሁለት ቡድኖችስ እውነተኛው የቱ ነው?» የሚል ነው። ዩሮቪዥን የአውሮፓ አገሮች የሚፎካከሩበት ዓመታዊ የዘፈን ውድድር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1984 የደረሰው አደጋ ሰዎቹን ክፉኛ ጎድቷል። ቡድኑ ግን ከዚያ በፊት እየወረደ ነበር። ምክንያቱን የምታገኙት አመሠራረቱ ላይ ነው።

ባክስ ፊዝ ተዋውቀው አብረው ሲዘፍኑ የኖሩ ጓደኛሞች ቡድን አይደለም። ዘፈኑ ቀድሞ ነበር፤ ዘፋኞቹ ኋላ ተፈለጉለት። «ሜኪንግ ዩር ማይንድ አፕ»ን አንዲ ሂል እና ጆን ዳንተር ጻፉት፤ ኒኮላ ማርቲን ደግሞ የሚዘፍኑትን አሰባሰበች። መጀመሪያ ማይክ ኖላን ተገኘ፤ ከዚያ ቼሪል ቤከር፣ ጄይ አስተን እና ቦቢ ጂ። ሁለት ወንድ ሁለት ሴት መሆኑ የታሰበበት ነው፤ አባ በ1974፣ ብራዘርሁድ ኦቭ ማን በ1976 ያሸነፉት በዚሁ አሰላለፍ ነበር። ቼሪልም በ1978 ከኮኮ ቡድን ጋር ዩሮቪዥን ላይ ስለዘፈነች መድረኩ አዲስ አልሆነባትም። በጥር ተሰባሰቡ፣ በመጋቢት የእንግሊዝን ማጣሪያ አሸነፉ፣ ሚያዝያ 4 ቀን ደብሊን ላይ በ136 ነጥብ ዋንጫውን ወሰዱ። ሁለተኛ ከወጣችው ጀርመን የበለጡት በ4 ነጥብ ብቻ ነው።

የዚያን ምሽት ቪዲዮ በጥሞና እዩት። ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፤ ግጥሙ «ተጨማሪ ማየት ከፈለግህ» ወደሚለው ሲደርስ ወንዶቹ ቀሚሱን ቦጭቀው ያወልቁታል፣ ከሥር አጭሩ ይወጣል። የቀሚሱ ማያያዣ ቬልክሮ (እየተጣበቀ የሚላቀቅ ጨርቅ) ስለሆነ በአንድ ጉተታ ይለቃል። ሰው ያስታወሳቸው በዚህ ነው። ድምፃቸው ግን በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ይንገዳገዳል፤ ሪከርዱን ለሚያውቅ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው ንቆ ያለፋቸው በዚህች ቀሚስ ሳቢያ ይመስለኛል፤ ትልቅ በደል ነው። ሁለተኛው አልበማቸውን፣ በ1982 የወጣውን «አር ዩ ሬዲ»ን ውሰዱ። «ዘ ላንድ ኦቭ ሜክ ቢሊቭ» በጥር 1982 የሂውማን ሊግ ቡድንን ዘፈን ከአንደኝነት አውርዶ ተተካ፤ ግጥሙን የጻፈው ለሮክ ቡድኑ ኪንግ ክሪምሰን ግጥም ይጽፍ የነበረው ፒት ሲንፊልድ ነው። በሚያዝያ «ማይ ካሜራ ኔቨር ላይስ» ተከተለ። ይህን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ መሃሉ ላይ ሙዚቃው ይሳሳና ድምፆቹ እየተቀባበሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሄዳል። «ናው ዞዝ ዴይስ አር ጎን» ደግሞ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ይጀምርና ማይክ መሪነቱን ይይዛል። ኅብረ ድምፃቸውን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የማሰማው እሱን ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ውበት ነው። ይህ ድምፅ የአንዲ ሂል የስቱዲዮ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን አሠራር አንድ ዘፋኝ የራሱን መስመር ደጋግሞ ይቀዳል፣ ቅጂዎቹም ይደራረባሉ፤ አራት ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ቢቀዳ 12 ድምፅ ይሰማል። መድረክ ላይ ግን ያው አራት ናቸው፣ እሱንም እየጨፈሩ። ለዚህ ነው የሪከርዱ ሙላት በቀጥታ ትርኢት የሚጠፋው። ደግሞም ገበያ ካመጡት ትልልቅ ዘፈኖች አንዱንም አራቱ አልጻፉትም። ዘፈኑ ከውጭ፣ ቅንብሩ ከውጭ፣ አመራሩ ከውጭ ነበር። ለውጡን ከሰንጠረዡ አንብቡት፦ ከመጀመሪያው እስከ 1983 አጋማሽ ያወጧቸው ዘጠኝ ነጠላ ዘፈኖች በሙሉ ከ20 ውስጥ ገብተዋል። ከዚያ «ለንደን ታውን» 34ኛ፣ «ሩልስ ኦቭ ዘ ጌም» 57ኛ። በ1984 «ቶኪንግ ኢን ዩር ስሊፕ» 15ኛ ወጥቶ ትንሽ ቢያነሳቸውም «ጎልደን ዴይስ» 42ኛ ላይ ቀረ። ይህ ሁሉ ከአደጋው በፊት ነው።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1984 ኒውካስል ላይ ዘፍነው ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። ማይክ ጭንቅላቱ ተመትቶ ራሱን ስቶ ሰነበተ፣ እይታውም ተጎዳ፤ ቼሪል የአከርካሪ አጥንቷ ተሰበረ። ማይክ ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ መዝፈኑን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

በ1985 ጄይ በጠብ ወጣች፣ ጉዳዩም በጋዜጣና በጠበቃ ሆነ። በቦታዋ ሼሊ ፕሬስተን ገባች፤ ቡድኑም ከሪከርድ ኩባንያው ከአርሲኤ ወደ ሌላው ኩባንያ ወደ ፖሊዶር ተዛወረ። በ1986 «ኒው ቢጊኒንግ» 8ኛ ሲወጣ የተነሱ መሰሉ፣ ግን የሚከተለው ጠፋ። በ1988 «ሃርት ኦቭ ስቶን»ን አውጥተው 50ኛ ላይ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ዘፈን አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሼር ዘፍናው ዓለም አወቀው። ዘፈን መምረጥ አልጠፋባቸውም ማለት ነው። በ1988 ሬዲዮው ባክስ ፊዝ የሚለውን ስም ሲያይ ግን ትዝ የሚለው ቀሚሱ ነበር።

ወደ ሁለቱ ቡድኖች ልምጣ። ቼሪል በ1993 ከወጣች በኋላ ቦቢ ጂ አዳዲስ ዘፋኞች እየጨመረ ቀጠለ፤ ስሙም በሚስቱ በሃይዲ ማንተን ስም በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ከዓመታት በኋላ ቼሪል፣ ማይክና ጄይ ተገናኝተው «ኦሪጅናል ባክስ ፊዝ» ብለው መዝፈን ሲጀምሩ ክርክሩ ወደ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሄደ፣ በ2011ም ተረቱ። ብዙዎች «ከአራቱ ሦስቱ እያሉ እንዴት?» ይላሉ። በእንግሊዝ ሕግ ቀደምት መብት አለኝ የሚል ሰው፣ የተመዘገበው ምልክት ሥራ ላይ መዋሉን እያወቀ 5 ዓመት ተከታታይ ዝም ካለ፣ ምዝገባው በክፉ ልብ የተደረገ ካልሆነ በቀር ማሰረዝ አይችልም። ሕጉ ስንት ሰው ቀረ ብሎ አይቆጥርም። መጀመሪያውኑ በ1981 ስሙ የማን እንደሆነ፣ አንድ ሰው ሲወጣ ምን እንደሚሆን በአራቱ መካከል በጽሑፍ ቢሰፍር ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር።

ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ቦቢ ጂን ካያችሁ በሕግ ስሙን የያዘው ወገን ነው። ቼሪል፣ ማይክና ጄይ ካሉበት «ዘ ፊዝ» ነው፤ እነሱ በ2017 ከፕሮዲውሰር ማይክ ስቶክ ጋር አዲስ አልበም ሠርተዋል። ለእኔ ድምፁ ያለው ሁለተኛው ጋ ነው። የድሮውን ለመስማት ግን ከሁለቱም በፊት «አር ዩ ሬዲ»ን ፈልጉ፤ ስታገኙ አቅራቢው አርሲኤ፣ ዓመቱ 1982 መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም በኋላ በሌሎች ድምፅ እንደገና የተቀዱ የድሮ ዘፈኖች በባክስ ፊዝ ስም ይሸጣሉ።