የጎማ ቀለበቱን ወደ ሱቁ መልሱት፦ ስለ አልጋ ቁስል ለጠየቃችሁኝ

ስትሮክ የመታውን ሰው ቤት ውስጥ ስለማስታመም ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚገርመው፣ ጥያቄው ስለ ስትሮኩ አይደለም። ስለ ቁስሉ ነው። ብዙ የተኛ ሰው ወገቡ ሥር፣ ዳሌው ላይ፣ ተረከዙ ላይ ስለሚወጣው፣ ሐኪሞች ቤድ ሶር ስለሚሉት። ሁሉም «ምን ልግዛ?» ይላል። አይፈረድባችሁም። አባዬ አልጋ ላይ በነበረባቸው ዓመታት እኔም ከሱቅ ሱቅ ዞሬያለሁ። ከግዢዬ ግማሹ ዛሬም ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

«እናቴ አዲስ አበባ ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ ከተኛች ሁለት ወር ሆናት። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሞተር የሚነፋውን የአየር ፍራሽ ገዝቼ በሰው ልልክላት ነው። ያዋጣል?»

ያዋጣል። ግን ሻንጣ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት የሞተሩን ጀርባ አንብቢ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ሞተሩ ላይ ከ110 እስከ 120 ብቻ ከተጻፈ፣ እዚህ በተሰካ ቀን ይቃጠላል። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን ለ220 ቮልት የተሠራውን ፈልጊ እላለሁ።

ፍራሹ ብዙ ቱቦዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ነው። ሞተሩ ግማሾቹን ሲነፋ ግማሾቹን ያስተነፍሳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተራ ይቀያየራሉ። ቁስሉ የሚመጣው በአጥንትና በፍራሽ መሀል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም ሲያጣ ነው። ፍራሹ ለዚያ ሥጋ በየተራው ትንፋሽ ይሰጠዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙዎቹ ቀስ እያሉ ይተነፍሳሉ። አንዳንዱ ቱቦው ከሞተሩ ተነቅሎ ሲደፈን አየሩን ለሰዓታት ይይዛል፤ ስትገዢ ይህን ጠይቂ። ለማንኛውም ከሥሩ ሁልጊዜ ደህና የስፖንጅ ፍራሽ ይኑር። አለዚያ መብራት በሄደ ሌሊት እናትሽ ጣውላ ላይ አደሩ ማለት ነው።

አብሯቸው ላለው ሰው አንድ ነገር በቪዲዮ አሳዪ። መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ፣ እጅን በአየር ፍራሹ ሥር በወገባቸው ትክክል ማስገባት። አጥንታቸው መዳፍ ላይ ከተሰማ ፍራሹ አየር አንሶታል። በመሀል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አየር መኖር አለበት።

ፍራሹ ላይ ስስ አንሶላ ይበቃል። እኛ ቤት «አዲስ ዕቃ ነው፣ እንዳይቆሽሽ» ተብሎ ላስቲክና እጥፍ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ነበር። ፍራሹ ከታች ሥራውን ይሠራል፣ አባዬ ከላይ በላብ ይበስላል።

ገንዘቡ ካስጨነቀሽ ደግሞ ይህን ስሚ። በእንግሊዝ አገር ከ2,000 በላይ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2019 የታተመ ጥናት የሞተሩን ፍራሽ ጥራት ካለው ስፖንጅ ጋር አወዳድሮ ነበር። የጎላ ልዩነት አላገኘም። እኔ ብሆን ጥሩ ስፖንጅ እዚሁ አስገዛና የተረፈውን ገንዘብ ሌሊት ለምታገላብጥ ሴት እከፍልበት ነበር።

«መሀሉ ክፍት የሆነ፣ በአየር የሚነፋ የጎማ ቀለበት ገዝቼ ለባለቤቴ ከሥሩ አደረግኩለት። ቁስሉ ምንም አይነካውም ብለውኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ባሰበት።»

መልሱት፣ እህቴ። ባይቀበሏችሁም አውጡት። ጣትዎን በክር ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። የጣቱን ጫፍ ምንም አልነካውም፤ ግን ይጠቁራል። ቀለበቱም እንዲሁ ነው። ዙሪያውን ሲጫን መሀል ላይ ላለው ሥጋ የሚሄደውን ደም ያንቀዋል። እኔም አንድ ነበረኝ። የሸጠልኝ ሰው እንዴት እንደመረቀኝ ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል።

«በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ ተባልን። ሌሊትም? እኔና ወንድሜ ሥራ አለን፤ ሞትን እኮ!»

የሁለት ሰዓቱን ልማድ ካስፋፉት አንዱ ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከናዚ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። በ1944 ስቶክ ማንደቪል በሚባል የእንግሊዝ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ለደረሰባቸው ወታደሮች ክፍል ሲከፍት፣ እንደነሱ ያለ ታማሚ ብዙ የሚሞተው በዚህ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እሱ ቀንም ሌሊትም አስገላበጣቸው። የዛሬው ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ የተወለደውም እዚያው ግቢ ነው።

ያኔ ግን የዛሬው ዓይነት ስፖንጅ አልነበረም። በ2013 የወጣ የአሜሪካና የካናዳ የአረጋውያን ማቆያዎች ጥናት፣ ጥሩ ስፖንጅ ላይ ለተኙ ሰዎች በየሁለት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ መገላበጥ የጎላ ልዩነት አላመጣም ብሏል። ስለዚህ ፍራሹ ደህና ከሆነና ቁስል ገና ካልጀመረ፣ የሌሊቱን የማገላበጫ ሰዓት ቀስ በቀስ ማራዘም ይሞከራል፤ የሚያያቸውን ሐኪም ወይም ነርስ አማክሩ። ፈራጁ ቆዳው ነው። ጠዋት ምልክት ካያችሁ ሰዓቱን አሳጥሩ። ቁስሉ ካለ ግን በቁስሉ ላይ ማስተኛት የለም።

ስታገላብጡ ሙሉ በሙሉ በጎን አታስተኟቸው፤ ያኔ ክብደቱ ሁሉ ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። ከጀርባ ትራስ አስገብቶ ዘንበል ማድረግ፣ 30 ዲግሪ ያህል፣ ይበቃል። በጉልበቶቹ መሀልም አንድ ትራስ። ራስጌውን ከምግብ ሰዓት ውጭ ዝቅ አድርጉት፤ ሐኪም ከፍ ይበል ካለ ግን የሱን ስሙ። ከፍ ሲል ሰውየው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ቀርቶ አጥንቱ ይሄዳል። ወደ ላይ ስትመልሷቸው ብብት ይዞ መጎተትም ያው ነው። አንሶላ አጥፋችሁ ከሥራቸው አንጥፉ፣ ግራና ቀኝ ያዙ፣ አንስታችሁ አሻግሩ።

«የአባቴ ተረከዝ ጠቁሮ ደረቀ። ጓንት ውሃ ሞልተን ሥሩ አደረግንለት። ቅርፊቱን ላንሳው ወይ?»

እጅሽን ሰብስቢ! ደረቅና ጥብቅ ያለ የተረከዝ ቅርፊት ሳይነካ ቢተው ይሻላል፤ ለጊዜው ክዳኑ ነው። ዙሪያው ከለሰለሰ፣ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካመጣ ወይም ከሸተተ ግን ሐኪም ቤት። ስኳር ካለባቸው ሳይሸትም ይታዩ።

የውሃ ጓንቱ ይቅር። ተረከዙ መንሳፈፍ አለበት። ትራሱን በቁመቱ ከባታቸው ሥር አድርጉት፤ ተረከዙ ከትራሱ ጫፍ አልፎ አየር ላይ ይቅር። ጉልበታቸው በጥቂቱ ይታጠፍ። ወረቀት በተረከዙና በአንሶላው መሀል ሳይነካ ካለፈ ተሳክቷል። እግራቸውን እያወራጩ ትራሱን የሚጥሉ ከሆነ ለተረከዝ የተሠራው ቦት ይረዳል። በየቀኑ እያወለቃችሁ ቆዳውን እዩ።

«ነርሷ ‹ቀይ ሲሆን ንገሩኝ› ብላን ሄደች። አያቴ ጥቁር ናቸው። ቀዩ ምኑ ላይ ይታያል?»

ይህችን ልጅ አቅፌ ብስማት ደስ ይለኛል። ብዙው ምክር የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። እናንተ በእጅ ፈልጉ። ጅራት አጥንታቸው አካባቢ ያለውን ቆዳ ከጎኑ ካለው ጋር አነጻጽሩ። ከሌላው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል ወይስ እንደ በሰለ ቲማቲም ለስልሷል? ያማቸዋል? ዓይንም ሥራ አለው፤ በመስኮት ብርሃን ከቀድሞው የጠቆረ፣ ወይንጠጅ የመሰለ ወይም የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ነገር ጀምሯል። በዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ አታስተኟቸው። አትሹትም፤ ማሸት ከሥር የተጎዳውን ያባብሰዋል።

«እትዬ፣ ጎረቤት ማር ቀቢው ትላለች፣ ባለ ፋርማሲው ካፕሱል ፈልቅቀሽ ነስንሺበት ይላል። ማንን ልስማ?»

ባለ ፋርማሲውን አትስሚ። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ዱቄት ቁስል ላይ ተጋግሮ ይቀራል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምደዋል። አልኮልም ሆነ አረፋ የሚያወጣው ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላል። ጎረቤትሽ ያን ያህል አልተሳሳተችም። ለቁስል የሚሸጥ ማር አለ፤ እሱ ግን በጨረር የጸዳ ነው። የጓዳው ማር አልጸዳም። በኖርማል ሳላይን (ፋርማሲ የሚሸጠው የጸዳ የጨው ውሃ) ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠቢ፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኚ። ጥልቅ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም፤ ሐኪም ቤት።

«እናቴ ሁዳዴን አልገድፍም ብላ ቁስሏ አልድን አለ።»

ፍራሹን ትተሽ የንስሐ አባታቸውን ጥሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች፤ እናቶች ግን ከልጅ አፍ አይሰሙትም። ቁስሉን የሚሞላው ፕሮቲን ነው። ለ50 ኪሎ ሰው በቀን ከ60 እስከ 75 ግራም ያስፈልጋል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። እምቢ ካሉ ሽሮውን አወፍሪው፣ ምስርና ባቄላ አብዢ፣ የኦቾሎኒ ቅቤም ዳቦ ላይ ቀቢላቸው። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።