ፊዚክስ ዲፓርትመንት ሲገባ የሚያስቸግረው የቱ ኮርስ ነው?

«ደሴ ላይ ፍሬሽማን ልጨርስ ነው፤ ፊዚክስ መምረጥ እፈልጋለሁ፣ ግን ኳንተም ይጥላል ይሉኛል» ላልሽው እህታችን፦

አብሽሪ፣ ኳንተም ስሙ ነው የገነነው። ብዙው ተማሪ የሚሰናከለው ቀደም ብሎ፣ ማቲማቲካል ሜተድስ (ለፊዚክስ የሚያስፈልገው የሒሳብ ኮርስ) ላይ ነው። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፉሪየር ሲሪስ፣ ማትሪክስና አይገንቫልዩ ሳይያዙ ኳንተም ወይም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ከተገባ የሚቀረው ሽምደዳ ነው፤ ፈተና ላይ ጥያቄዋ ውስጥ ያለችው ፖቴንሻል ትንሽ ስትቀየር ደግሞ የተሸመደደው ገደል ገባ።

ስለዚህ ክረምቱን አንዲት ጥያቄ ያዢ፦ ስፕሪንግ ላይ የታሰረ ቁስ። ኢኩዌሽኑን ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ ራስሽ አውጪና ፍቺው። ቀጥሎ በፍጥነቱ ልክ የሚያድግ ተቃውሞ ጨምሪበት፤ በመጨረሻም ከውጭ እየተመላለሰ የሚገፋ ኃይል። ይቺው ጥያቄ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ሆና፣ ኳንተም ላይ ሃርሞኒክ ኦስሌተር ሆና፣ ሶሊድ ስቴት ላይ የአተሞች ንዝረት ሆና ትመጣብሻለች። ሞደርን ፊዚክስና ኦፕቲክስ አያስጨንቁሽ።

የላብራቶሪ ሥራን ግን እንዳትንቂው። ግራቪቲ የሚለካበትን ፔንዱለም እንይ፦ ክሩ 1 ሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አንዷን ብቻ ለክተሽ ጣትሽ በ0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ ፔሬዱ (የአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ) ቀመሩ ውስጥ በስኩዌር ስለሚገባ ግራቪቲው ላይ 20 ይደርሳል። 20 ውዝዋዜ ለክተሽ ለ20 ስታካፍይው ያው 0.2 ሰከንድ ግራቪቲው ላይ 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስቶፕዎች ስትጫኚ «ዜሮ» ብለሽ ጀምሪ። «አንድ» ብሎ የጀመረ 20 ሲል የለካው 19 ውዝዋዜ ነው፤ ግራቪቲው በ9.8 ፈንታ 10.8 አካባቢ የሚወጣላቸው አብዛኞቹ እዚህ ነው የሚስቱት። ርዝመቱም እስከ ኳሷ መሐል ይለካ፣ ማዕዘኑ ከ10 ዲግሪ አይብለጥ።

ያገኘሽውን ቁጥር ደግሞ ወደ መጽሐፉ አትጎትቺው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ብሎ የጻፈ ሳይለካ እንደጻፈ ይታወቅበታል፤ ቴርሞሜትሩን በዚያ ካስተካከለ ደግሞ ቀጣይ ንባቡ ሁሉ ይዛባል።

ከመመዝገብሽ በፊት ከዲፓርትመንቱ ኮርስ ብሬክዳውኑን ውሰጂና ፕሪሪኩዚቶቹን (ቀድመው ማለፍ ያለባቸውን ኮርሶች) እዪ። ማቲማቲካል ሜተድስ ከወደቀ ተከትለውት የሚመጡት ሊዘጉ ይችላሉ፤ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። ይህን አድቫይዘርሽን አስቀድመሽ ጠይቂ።