ዳክዬዋን ስከፍታት ያየሁት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ገና ወላጅ ለሆናችሁና ነገ ለምትሆኑ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከባክቴሪያ ጋር ነው።

አንድ ቀን ሕፃናት ገላቸውን ሲታጠቡ የሚጫወቱባትን የጎማ ዳክዬ በምላጭ ለሁለት ከፈልኳት። ከውጭ ቢጫ፣ ንጹሕ ነበረች። ውስጧ ግን ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ነገር ለብሷል። ባዮፊልም ይባላል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ተጣብቀው የሚኖሩበት ሽፋን ነው። በ2018 የወጣ የስዊዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በእንዲህ ያሉ መጫወቻዎች ውስጥ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ5 እስከ 75 ሚሊዮን ሕዋስ ቆጥሯል።

አትደንግጡ። አብዛኛው ባክቴሪያ ጤነኛ ልጅን አይጎዳም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ።

ፕሌት በምንለው የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ እንዘራና አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት፣ የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። መድኃኒቱ ከሠራ፣ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። እኔ ሥራ ስጀምር ቀለበቱ ሰፊ ነበር። ኋላ ላይ ግን ባክቴሪያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ አድሮ የማገኝበት ቀን እየበዛ መጣ። ያን ውጤት ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ትኩሳት ያቃጠለው ልጅ መድኃኒት እየጠበቀ ነዋ!

አንቲባዮቲክ ደካማውን ባክቴሪያ ይገድልና ለሚቋቋመው ሜዳውን ይለቅለታል። የተረፈው ደግሞ የመቋቋሚያውን ጂን፣ ማለትም የዘር መመሪያውን፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል። መጫወቻውም ባክቴሪያውን ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው ፍሌሚንግ፣ በ1945 ኖቤል ሲሸለም ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊላመድ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

እባካችሁ፣ ልጁን ጉንፋን ሲይዘው አንቲባዮቲክ ይታዘዝልን አትበሉ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ አይነካውም። ካለፈው ሕመም የተረፈ ሽሮፕም አትስጡት።

መጫወቻውን በተራ ሳሙናና በውሃ እሹት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። ማድረቁን አትናቁ፤ ባዮፊልም ያለ እርጥበት አያድግም። ልጁ ተቅማጥ ከያዘው፣ አፉ ውስጥ የሚከታቸውን መጫወቻዎች እስኪድን ከሌሎች ልጆች ለዩ።

ዳክዬ ስትገዙ ደግሞ ገልብጣችሁ ሆዷን እዩ። ቀዳዳ ካላት ውሃ ትጠጣለች፣ ውስጧም አይደርቅም። ድፍኗን ውሰዱ።