ኒምና ጽድ ልትገዛ ላለችው እህት፣ መጀመሪያ ላቲን ስሙን አጣሪ

እህቴ አብሽሪ፣ "ኮምቦልቻ ለሰራነው ቤት ኒምና ጽድ ልገዛ ነው፣ ላቲን ስሙን ማጣራት አለብኝ ወይስ ሻጩ ያለውን ልመን?" ላልሽው መልሴ አጣሪ ነው፣ ብሩን ከመክፈልሽ በፊት። እኔ ደሴም ኮምቦልቻም የሰው ግቢ እየተከልኩ ነው የምተዳደረው፣ እና አልያዘም ደረቀ፣ ከሚገባው በላይ አደገ ከሚባለው ብዙው የሚጀምረው ከስሙ ነው፣ ሰው የፈለገው ሌላ የተከለው ሌላ።

ከኒሙ ልጀምር። ኒም ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ዛፍ ነው። እውነተኛው አዛዲራክታ ኢንዲካ ነው፣ ሌላኛው ሜሊያ አዜዳራክ፣ ዘመዳሞች ናቸው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ሆነው ላላወቀ ሰው አንድ ነው የሚመስሉት። ችግኙ ትንሽ ካደገ ግን ቅጠሉ ይነግርሻል፣ የእውነተኛው ኒም አንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ቅጠል ደርድሮ እዛው ያበቃል፣ የሜሊያው ዘንጉ ራሱ እንደገና ይከፋፈልና ትንንሾቹ ቅጠሎች እነዛ ላይ ነው የሚደረደሩት። አበባ ካወጡ ደሞ ኒሙ ነጭ ነው ሜሊያው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ይሄን አጥብቄ የምነግርሽ የሜሊያ ፍሬ መርዝ ስለሆነ ነው፣ ቢጫ ድብልብል ሆኖ መሬት ላይ ይረግፋል፣ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ደሞ ታውቂዋለሽ ያገኙትን አፋቸው ውስጥ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ቅጠሉን ለቆዳዬ እቀባዋለሁ ብላ ኒም አዝዛ የመጣላት ሜሊያ ነበር፣ ጉድጓዱ ሁሉ ተቆፍሮ ቅጠሉን አይቼ ነው ያስመለስኩት፣ ሻጩም ሊያታልል ፈልጎ አይደለም እሱም ሲገዛ ኒም ነው ብለውት ነው።

በዛ ላይ እውነተኛው ኒም ቆላ ነው የሚወደው ብርድ አይችልም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነች፣ ለሱ ከፍ ትላለች፣ ደሴማ 2,500 ገደማ ላይ ሆና ጭራሽ አታስቢው። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሀረጎን ዳገት ስትወጪ አንቺ ሹራብ እንደምትደርቢው ዛፉ ምንም የሚደርበው የለውም። እና ከፍታውን፣ ቁመቱን፣ መርዝነቱን በትክክል የምታገኚው ትክክለኛውን ስም ይዘሽ ስትፈልጊ ብቻ ነው፣ ኒም ብለሽ ጎግል ላይ ብትጽፊ ስለ አዛዲራክታ ነው የሚያወራሽ፣ እጅሽ ላይ ያለው ግን ሜሊያ ሊሆን ይችላል።

ጽድም እንደዛው። የሀበሻው ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ ነው፣ የፈረንጁ ከነሜክሲኮ የመጣው ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ። ቶሎ ደርሶ እየተከረከመ አጥር እንዲሆንሽ ከሆነ የፈረንጁን፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዛፍ ከሆነ የሀበሻውን፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው ግን እኔ ቦታ ላለው ሰው ሁሌም እሱን ነው የምመክረው። ችግኝ ላይ መለየት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ዘሩ ከየት ተለቀመ በያቸውና ከተቻለ እናት ዛፉን እይ፣ የሀበሻው ፍሬ ትንሽዬ ለስላሳ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፣ የፈረንጁ እንጨት የሆነ ደርቆ የሚሰነጣጠቅ።

እንዴት አጣራለሁ ላልሽው፣ ላቲን ስሙ ሁለት ቃል ነው፣ ሻጩን ሁለቱንም አስጽፊው፣ ጁኒፔሩስ ብቻ ካለሽ ገና ነው ጁኒፔሩስ በአለም ላይ ብዙ አይነት አለ። ከዛ የእንግሊዙ ኪው የእጽዋት ማዕከል ፕላንትስ ኦፍ ዘ ወርልድ ኦንላይን የሚል ነጻ ዳታቤዝ አለው፣ እዛ አስገቢው፣ ስሙ አሁን የሚሰራበት ይሁን የድሮ ይነግርሻል፣ የትውልድ አገሩንም ጭምር። ፊደሉን ግን እንደተጻፈ አስገቢ። የድሮ ስም ነው ካለሽ አትደንግጪ፣ ዝግባ ፖዶካርፑስ ፋልካቱስ ነበር አሁን አፍሮካርፑስ ፋልካቱስ ነው፣ የኛ ግራሮችም አካሲያ መባላቸው ቀርቶ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ሆነዋል፣ ዛፉ ያው ዛፍ ነው። ለአገር በቀሎቹ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባሉት መጻሕፍት አሉ፣ አዲስ አበባ የምትመላለሺ ከሆነ ደሞ አራት ኪሎ የደረቀ እጽዋት ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊ ሄርባሪየሙ አለ፣ አበባ ወይ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ጋዜጣ ውስጥ አድርቀሽ ይዘሽ ሂጂ። የፎቶ አፑን እንደ ጥቆማ ብቻ ውሰጂው፣ ቅጠል ብቻ አሳይተሽው የሚልሽን ይዘሽ እንዳትገዢ።

ለአሁኑ የኒሙን አንድ ሙሉ ዘንግ ከግንዱ እስከ ጫፉ እንዲታይ አድርገሽ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ፣ ጽዱን ግን ፍሬ ከሌለው እኔም በፎቶ አልፈርድም።