በስልክ እርምጃ እየቆጠሩ ኢየሩሳሌም መሳለም ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። የጽዋ ማኅበራችን አባላት ወደ ኢየሩሳሌም «የእግር ጉዞ» ጀምረናል። በየሰፈራችን የምንራመደውን ስልካችን ይቆጥራል። ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ ደምረን ካርታ ላይ እናሰፍረዋለን። አሁን ቀይ ባሕር ላይ ደርሰናል። አንዳንዶች «ጨዋታ ነው» ይሉናል። እውነት እንደ መንፈሳዊ ጉዞ ይቆጠርልናል? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችስ ምን ያድርጉ? አንዷ እህታችን ደግሞ «ልጅ ከሰጠኸኝ ኢየሩሳሌም ሄጄ እሳለማለሁ» ብላ ተስላለች። ልጁን አግኝታለች። ስእለቷ በዚህ ይወጣላት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። ቀይ ባሕር ላይ በእግራችሁ መድረሳችሁን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሙሴ እንኳ የተሻገረው ባሕሩ ተከፍሎለት ነው። ነገሩን ግን አልንቀውም።

ከደሴ ኢየሩሳሌም በቀጥታ መስመር 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሰው በቀን ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ ድምሩ ወር ሳይሞላ እዚያ ያደርሳል። የጥንት አባቶቻችን ግን ያን ሁሉ መንገድ እያንዳንዳቸው በገዛ እግራቸው፣ በረሃ እያቋረጡ ነው የሄዱት። መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። ስለዚህ «እንደ እነሱ ሄድን» ማለት አይገባም።

ሩቁን ቅዱስ ቦታ አቅርቦ ማሰብ በራሱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሳላዲን እጅ ከገባች በኋላ፣ ምእመኑ በሩቅ መንገድ እንዳይንገላታ ቅዱስ ላሊበላ ሁለተኛዋን ኢየሩሳሌም እዚሁ እንዳነጻት ይተረካል። ቤተ ጎልጎታ አለ፣ ዮርዳኖስ አለ። ልዩነቱን ግን አስተውዪ። ላሊበላ ላይ ታቦት አለ፣ ቅዳሴ አለ፣ ሥጋ ወደሙ አለ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ነው። ካርታ አይሳለሙትም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። የምታደርጉት ጸሎት ከታከለበት ጥሩ መንፈሳዊ ልምምድ ነው። ኢየሩሳሌምን መሳለም ግን አይደለም፤ ቦታው ላይ ሳይደርሱ መሳለም የለም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስቢው። ኢየሩሳሌም ድረስ የሄደው ሊሰግድ ነው። ሲመለስ ሰረገላ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በእግሩ አልነበረም። ስንት እርምጃ እንደሄደ የጻፈለት የለም። የተጻፈለት ኢሳይያስን ማንበቡ፣ ያልገባውን መጠየቁና መጠመቁ ነው። እናንተም ማታ ስትደምሩ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ምን አነበብን፣ ምን ጸለይን ተባባሉ። «ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሂድ ባሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ» የሚለው መዝሙር ከ15ቱ የመዓርግ መዝሙሮች አንዱ ነው። በግእዙ ዳዊት ከ119 እስከ 133 ያሉት ናቸው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ሰዎች ይዘምሯቸው ነበር። በቀን አንድ አንድ ብትደግሙ ያምርባችኋል።

ማን ስንት እንደተራመደ በስም እየዘረዘሩ መለጠፉን ግን ተዉት። ድምሩ ብቻ ይበቃል። ለሰው እንዲታይ የሚደረግ ነገር ዋጋውን እዚያው እንደተቀበለ ጌታ ተናግሯል። ደግሞ ፉክክር ከገባ ስልኩን ሲሯሯጥ በሚውል ልጅ ኪስ የሚከት አይጠፋም! ለኪሎ ሜትር ብላችሁም ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከከባድ መኪና ጋር አትጋፉ። ከፒያሳም ሆነ ከሆጤ ተነስታችሁ፣ ጠዋት ኪዳን ወደሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን ብትራመዱ ሁለቱም ይገኛል።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ቁጭ ብለው ዳዊት ይድገሙላችሁ። ከማኅበሩ ጉዞ አልጎደሉም። በጎ ፈቃድ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን ነው፤ በሌለው አይጠየቅም።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ደሴ ተቀምጣችሁ ግሸንን እንዴት ዘነጋችኋት? ግማደ መስቀሉ ያለባት ተራራ እዚሁ አምባሰል ናት። ለመስከረም 21 ከመላ አገሪቱ ሰው ይጎርፋል፣ እናንተ ግን ጎረቤት ናችሁ። ቆጠራው ሲያልቅ ለሰርተፍኬትና ለኬክ የምታስቡት ብር ካለ ለመኪና ይሁን። አቅሙ ያላችሁ ዳገቱን በእግራችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ስእለቷ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። «ሄጄ እሳለማለሁ» ያለች ሴት እዚህ ደሴ ላይ በተቆጠረ እርምጃ ስእለቷን አትፈጽምም። ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል መጽሐፈ መክብብ ይናገራል። ግን አትደንግጥ። ቀን ካልቆረጠች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጠች መዘጋጀት ትችላለች። ተበድራ መሄድ ግን ምክሬ አይደለም፤ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያም አትንካ። ልጁ እኮ የስእለቱ መልስ ነው።

በሕመም ወይም በድህነት ጭራሽ የማይቻላት ከሆነ፣ ወደ ምጽዋት፣ ወደ ጾም ወይም ወደ ሌላ ገዳም ጉዞ ይለወጥላት እንደሆነ የሚወስኑት የንስሐ አባቷ ናቸው። እሷ ራሷ አትለውጠው። ማኅበሩም አይለውጥላት፤ እኔም ከዚህ ሆኜ አልለውጥላትም። ስትሄድ ግን ቃሏን እንደተናገረችው ትንገራቸው። «በእግሬ» ብላም ከሆነ እሱንም አትደብቅ።