ቀዩ እስክሪብቶ ትንሽ ይቆይ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የ7ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ። ስለ ክረምት ድርሰት ጻፉ ስላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም «ክረምት ከአራቱ ወቅቶች አንዱ ነው» ብለው ጀምረው «ስለዚህ ክረምት በጣም ጠቃሚ ነው» ብለው ይጨርሳሉ። አንዲት ልጅ ብቻ ስለ አያቷ ቤት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ነበር፤ የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስሕተቷን ሁሉ አርሜ ብመልስላት ግን ከዚያ ወዲህ ከአራት መስመር አታልፍም። ስሕተቱን አይቶ ማለፍም ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይድረስ ለመምህርት፤ ከልጅቷ ልጀምር፣ የቀሩት 61 ተማሪዎች ነገር ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነውና። ሁለት ገጽ የጻፈችው የምትነግርዎት ነገር ስለ ነበራት ነው፤ የተመለሰላት ወረቀት ግን ስለ «ሰ» እና «ሠ»፣ ስለ «ሀ» እና «ኀ» ሲናገር ስለ አያቷ አንዲት ቃል አልያዘም። (በእነዚህ ፊደላት ጉዳይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ስንት ዘመን እንደ ተከራከሩ እርስዎም ያውቃሉ።) ብዙ የጻፈ ብዙ ይታረማል፣ ጥቂት የጻፈ ጥቂት ይታረማል ብላ ማስላቷ ትክክል ስለ ሆነ፣ አራቱን መስመር እንደ ስንፍና አይቁጠሩባት።

እኔ የተማሪን ጽሑፍ መጀመሪያ የማነበው እስክሪብቶ ሳልይዝ ነው። ከዚያ ከግርጌው ስለ ነገሩ ራሱ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «አያትሽ ያን ቀን በሩን ለምን ዘጉት?» «ጎበዝ» የሚለው ቃል ልጁን ለአንድ ቀን ያስደስተዋል፤ ጥያቄው ግን ተመልሶ እንዲጽፍ ያደርገዋል። እርማቱ የሚመጣው በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ አራት ነጥብን ብቻ፣ በሌላ ጊዜ ድርብ ሰረዝን ብቻ እያልን።

ስለ ክረምቱ ድርሰት ደግሞ፣ እርስዎ ያሉት ጎጃም ስለ ሆነ፣ ከአጠገብዎ ያለውን ቅኔ ቤት እንዲያስታውሱ እለምናለሁ። ጀማሪው ተማሪ ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን፣ መወድስ የተባለውን የቅኔ ዓይነት ቁጠር (ድረስ) አይባልም፤ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ እያለ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ብቻውን ዘወር ብሎ ያወጣውን ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያቀናለታል። የሌላውን ቅኔ አምጥቶ የደገመ ግን ቅኔ ቆጠረ አይባልም። ከቅኔ ቤት አርጩሜውንም እንዋስ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እኛ የ13 ዓመት ልጅ ገና ሁለት መስመር የራሱን ነገር ሳይጽፍ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ባንድ ጊዜ ስንጠይቀው፣ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ከመዋስ በቀር ምን አማራጭ አለው? «ከአራቱ ወቅቶች አንዱ ነው» ያ ብድር ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር፣ ለ7 ደቂቃ ሦስት መስመር ብቻ ያስጽፏቸው። ርእሱም ይጥበብ። «ክረምት» የማንም አይደለም፤ «ጣሪያችን ሲያፈስ ከሥሩ የምናስቀምጠው ዕቃ» ግን የእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ነው። ይህንኑ ስሰጥ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ «እናቴ ድስቱን ታስቀምጣለች፤ እኔ ጠብታውን እየቆጠርሁ እተኛለሁ» ብሎ ጻፈ። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ስሙን ሳልጠራ ለክፍሉ አነበብሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ላንብብ አለ።

የእርማቱ ብዛት እንዳያስፈራዎት። ለ62 ወረቀት አምስት አምስት ደቂቃ ቢሰጡ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህን ማንም መምህር በየሳምንቱ አይችለውም። በአንድ ዙር 11 ወረቀት ብቻ ያንብቡ፣ በስድስት ዙር ሁሉም ይደርሳቸዋል፤ የቀሩት በዚያ ቀን ለዴስክ ጓደኛቸው ያንብቡ። ለሦስቱ መስመር ማርክ አይስጡ።

ልጅቷን ግን ተራዋ እስኪደርስ አያቆዩአት። ያን ሁለት ገጽ መልሳ እንድታመጣልዎት ይጠይቋትና ስለ አያቷ ይጻፉላት፤ ወረቀቱን ጥላው ከሆነም፣ ካነበቡት የሚያስታውሱትን አንድ ነገር አንሥተው በቃል ይጠይቋት።